የአጭር ፊልም ሴራ ትንተና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚኒ ሚዲያና የኪነ ጥበብ ክበብ ተማሪዎች፣ በስልካቸው የሚቀርጹ ወጣቶችና የአማርኛ መምህራን ስለ አጭር ፊልም ሴራ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። መልሶቹ የሚመላለሱት በአንድ ምሳሌ ላይ ነው። ምሳሌው ለማብራሪያ የተፈጠረ እንጂ ተሠርቶ የታየ ፊልም አይደለም፤ ርዝመቱ 12 ደቂቃ ነው እንበል።

ቡሬ ውስጥ አንዲት እናት ኮሌጅ ለሚማር ልጇ 5 ኪሎ በርበሬ ታዘጋጃለች። 5,000 ብር በፌስታል ጠቅልላ በርበሬው መሐል ትቀብርና ከረጢቱን ሰፍታ ለአባዱላ ረዳት ትሰጣለች (0:00–1:30)። ልጁ ባሕር ዳር መናኸሪያ ተቀብሎ ቤቱ ሲደርስ አከራዩ በር ላይ ቆማ ታገኘዋለች፤ ያደረ ኪራዩን እስከ ማታ ካልከፈለ ዕቃው ደጅ ይወጣል (3:00)። ከረጢቱን ሳይፈታ ለባልትና ሱቅ በ1,500 ብር ይሸጠዋል (4:10)። እናቱ ትደውላለች። «የላክሁልህን አየኸው?» «አየሁት እማዬ።» ኔትወርኩ ይቋረጣል (5:00)። ኪራዩን ከፍሎ ሲወጣ እንደገና ትደውላለች፦ «ገንዘቡ ለምዝገባህ በቃህ?» (6:15)። ወደ ሱቁ ይሮጣል፤ በርበሬው ለደጋሽ ቤት ተሽጧል። ደጋሾቹ ዘንድ ሲደርስ ፌስታሉ በአንዲት ባልቴት እጅ ነው። «የኔ ነው ካልህ ስንት እንደሆነ ንገረኝ» ይሉታል። አያውቅም። የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት። ይደውልላታል፤ «እጅህ ላይ አይደል እንዴ፣ ምን ያስጠይቅሃል?» ስትለው በሰው ሁሉ ፊት «ሸጥሁት» ይላታል (10:20)። ረጅም ዝምታ። ከዚያ የእናትየው ድምፅ፦ «በስንት ሸጥኸው?» ፊልሙ ያልቃል (12:00)።

ታሪክና ሴራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ታሪክ የሆነው ነገር ሁሉ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ያላየነውም ጭምር። እናትየው 5,000 ብሩን ያጠራቀመችው ምን ሸጣ ነው? ልጁ ኪራይ ያሳደረው ለምንድን ነው? እነዚህ የታሪኩ አካል ናቸው፤ ፊልሙ ግን አላሳየንም። ሴራ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ተመርጦ፣ በቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ በምክንያትና ውጤት የተሳሰረው ነው።

ትስስሩን ለመፈተሽ በሁለት ትዕይንቶች መካከል አያያዥ ቃል አስገቡ። አከራይዋ ጠየቀችው፣ ስለዚህ በርበሬውን ሸጠ። ሸጠ፣ ነገር ግን ውስጡ ገንዘብ ነበር። ባልቴቷ ቁጥሩን ጠየቁት፣ ስለዚህ ወደ እናቱ ደወለ። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚገባበት መጋጠሚያ ሴራ አለው። በተከታታይ ሦስት መጋጠሚያዎች ላይ «ከዚያ» ብቻ የሚስማማ ከሆነ ሴራው እዚያ ላልቷል፤ ወይም ሠሪው ሆን ብሎ ነጠላ ገጠመኞችን እየደረደረ ነው። የትኛው እንደሆነ መወሰን የተንታኙ ሥራ ነው።

አጭር የሚባለው ስንት ደቂቃ ሲሆን ነው?

የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው የአሜሪካ አካዳሚ የስም ዝርዝሩን ጨምሮ 40 ደቂቃና ከዚያ በታች የሆነውን አጭር ይለዋል። ፌስቲቫሎች የየራሳቸውን ገደብ ያወጣሉ። ለመማሪያ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያለው ይመረጣል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቴ ታይቶ ለውይይት ጊዜ ይተርፋል።

ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ፊልም ሴራ ሊኖረው ይችላል?

አዎ። ሉዊ ሉሚየር እ.ኤ.አ. በ1895 የቀረጸው የአትክልተኛው ፊልም አንድ ደቂቃ አይሞላም። አትክልተኛ በጎማ ውኃ ያጠጣል፤ ልጅ ከኋላ መጥቶ ጎማውን ይረግጠዋል፤ ውኃው ይቆማል። አትክልተኛው ምን ሆነ ብሎ የጎማውን አፍ ሲመለከት ልጁ እግሩን ያነሣል፤ ውኃው ፊቱ ላይ ይረጫል። ልጁን አሳዶ ይይዘውና ይቀጣዋል። መነሻ፣ እንቅፋት፣ ጡዘት (ነገሩ የሚከርርበት ጫፍ) እና ልቀት (መቋጫ) ሁሉም አለ፤ ያውም ያለ አንድ ቃል ንግግር። ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ይከብዳል፤ የሚነበብ ጽሑፍ የለውም፣ ትርጉም አይፈልግም፣ ስልክ ላይ ለመጫንም ዳታ አይበላም።

ለመተንተን ስንት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል?

ቢያንስ ሦስት ጊዜ።

የመጀመሪያው ያለ ብዕር ነው፤ አታቁሙት፣ ወደ ኋላም አትመልሱት። እንዳለቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ማን፣ ምን ፈለገ፣ ምን ከለከለው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ይህ ዓረፍተ ነገር ስሕተት ቢሆንም አትደልዙት። በኋላ ላይ ከትንተናው ጋር ሲነጻጸር ፊልሙ የት እንዳሳሳታችሁ ያሳያል።

ሁለተኛው በሠንጠረዥ ነው። አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ሰዓት፤ ቦታ፤ ማን ምን ፈለገ፤ ምን ተለወጠ፤ ለምን። ትዕይንት ባለቀ ቁጥር አቁሙና አንድ መስመር ሙሉ። ዩቲዩብ ላይ በኮምፒውተር የምታዩ ከሆነ ፊልሙን አቁማችሁ የነጥቡን (.) እና የነጠላ ሰረዙን (,) ቁልፍ ስትጫኑ ምስሉ አንድ በአንድ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ሠንጠረዡን ወረቀት ላይ ሥሩት፤ ሰዓቱ ከተጻፈ ሌላው ይመለሳል።

ሦስተኛው ለድምፅና ለዕቃ ነው። ሙዚቃው የት ገባ፣ የት ቆመ? የትኛው ዕቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ታየ? ምሳሌው ላይ ከረጢቱ፣ ፌስታሉና ስልኩ ይመዘገባሉ።

ሠንጠረዡ ላይ የሚበዛው ስሕተት አራተኛው ዓምድ ላይ ነው። «ልጁ አዘነ» ተብሎ ይጻፋል። ኀዘን ስሜት ነው፤ ለውጥ ግን በሁኔታ ላይ የሚታይ ነው፦ «ኪራዩ ተከፈለ፣ በርበሬው ከእጁ ወጣ»። ሌላው ስሕተት እያንዳንዱን የካሜራ ቆረጣ እንደ ትዕይንት መቁጠር ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ ከስድስት ማዕዘን ቢቀረጽም ትዕይንቱ አንድ ነው። ቦታ ወይም ጊዜ ሲቀየር አዲስ መስመር ክፈቱ፤ የ12 ደቂቃ ፊልም ሠንጠረዥ 40 መስመር ከደረሰ የቆጠራችሁት ትዕይንት ሳይሆን ቆረጣ ነው።

ሦስት ገቢር ይሻላል ወይስ አምስት ክፍል?

ገቢር ማለት የድራማ ወይም የፊልም ዋና ክፍል ነው። መሣሪያዎቹ ለምን እንደተሠሩ ማወቅ ይቀድማል። አርስጣጣሊስ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ያለው ሙሉ ድርጊት ሲል የተናገረው ስለ ግሪክ ትራጄዲ ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍሬይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ያወጣው ባለ አምስት ክፍል ፒራሚድ (መግቢያ፣ ሽቅብ የሚወጣ ድርጊት፣ ጡዘት፣ ቁልቁል የሚወርድ ድርጊት፣ መቋጫ) የተቀዳው ከግሪክና ከሼክስፒር የመድረክ ድራማ ነው። ጡዘቱ መሐል ላይ መቀመጡም ከዚያ የመጣ ነው። አሜሪካዊው ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው የሦስት ገቢር ስሌት ደግሞ ለሁለት ሰዓት ፊልም ነው፦ ወደ 30 ገጽ መነሻ፣ 60 ገጽ ፍልሚያ፣ 30 ገጽ መፍትሔ፤ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ሆኖ።

ሦስቱም ለአጭር ፊልም አልተሠሩም። ስለዚህ በመጀመሪያ ፊልሙን ለኩ፣ ከዚያ ከመሣሪያው ጋር አስተያዩት። አለካኩ ቀላል ነው፤ የነጥቡን ሰዓት ወደ ሰከንድ ለውጡ፣ ለጠቅላላው ሰከንድ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ምሳሌው 720 ሰከንድ ነው። የአከራይዋ ጥያቄ 25 በመቶ ላይ፣ ሽያጩ 35 ገደማ፣ የእናትየው ሁለተኛ ስልክ 52፣ «ሸጥሁት» የሚለው 86 በመቶ ላይ ይወድቃል። ከጡዘት በኋላ የቀረው 100 ሰከንድ ብቻ ነው።

ይህ ለአጭር ፊልም የተለመደ ቅርጽ ነው። መግቢያው ያጥራል፤ ገጸ ባሕርይው ከነችግሩ ይተዋወቃል እንጂ ስለ እሱ ብቻ የሚተርክ ክፍል አይኖርም። ጡዘቱም ወደ መጨረሻ ይገፋል። የፍሬይታግን ፒራሚድ አስገድዶ የሚጭን ተማሪ 50 በመቶ ላይ ያገኘውን ነገር፣ ማለትም ሁለተኛውን ስልክ፣ ጡዘት ይለዋል። እሱ ግን መታጠፊያ ነው፤ ልጁ የሚፈልገው ነገር የተቀየረበት ቦታ። እስከዚያ ድረስ ኪራይ መክፈል ነበር የፈለገው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ።

በፈተና ወይም በቤት ሥራ አንዱን ምረጡ ከተባላችሁ ሦስቱን ገቢር ውሰዱና የመቶኛውን ልዩነት አብራሩ።

ቀስቃሽ ክስተቱን እንዴት አገኘዋለሁ?

ቀስቃሽ ክስተት ገጸ ባሕርይውን ከቦታው የሚያንቀሳቅሰው ክስተት ነው፤ የሚገኘውም በማውጣት ነው። ብዙዎች ምሳሌው ላይ «ገንዘቡ የተቀበረበት ነው» ይላሉ፣ ቀድሞ ስለመጣ። አከራይዋን አውጧትና እዩ፤ ልጁ ከረጢቱን ይፈታል፣ ገንዘቡን ያገኛል፣ ይመዘገባል፤ ፊልም የለም። አሁን ገንዘቡን አውጡ፤ ልጁ ያው ይሸጣል፤ ፊልሙ ይሳሳል እንጂ ልጁ አይቆምም። ስለዚህ ልጁን ከቦታው ያንቀሳቀሰችው አከራይዋ ናት። ገንዘቡ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስን፣ አስቀድሞ የተቀመጠ መረጃ ነው።

ጡዘቱ ሙዚቃው የጮኸበት ቦታ አይደለም?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ልጁ ወደ ሱቁ ሲሮጥ ከበሮ ሊመታ፣ ካሜራው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ነገር ግን ሩጫው ላይ የተወሰነ ነገር የለም። ጡዘት ከዚያ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ የማይቻልበት፣ ብዙውን ጊዜም ገጸ ባሕርይው ሁለት የማይታረቁ ነገሮች መካከል የሚመርጥበት ነው። እዚህ ምርጫው ገንዘቡ ወይስ ክብሩ ነው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ሊያስቀር አይችልም። ትዕይንቱ በሹክሹክታ ቢሠራም ጡዘት ነው።

መፈተሻ ጥያቄ፦ ፊልሙ እዚህ ቢቆረጥ ዋናው ጥያቄ ተመልሷል? 9:00 ላይ ቢቆረጥ አልተመለሰም። «ሸጥሁት» ካለ በኋላ ተመልሷል።

ንግርን ከተራ ዝርዝር በምን እለያለሁ?

ንግር በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ነገር ነው። ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ «የተዘራ» እና «የታጨደ»። ፌስታሉ 1:00 አካባቢ ተዘርቶ ደጋሽ ቤት ይታጨዳል። እናትየው ከረጢቱን በመርፌ መስፋቷ ተዘርቶ ልጁ ሳይፈታ መሸጡ ላይ ይታጨዳል፤ ስፌቱ ባይኖር ተመልካቹ «እንዴት ሳያይ ሸጠው?» ይል ነበር። የታጨደ ግን ያልተዘራ ካገኛችሁ ፊልሙ ከሰማይ ያወረደው መፍትሔ ነው። ተዘርቶ ያልታጨደ ደግሞ ወይ ትርፍ ነው ወይ ሠሪው አርትዖት ላይ የጣለው ትዕይንት ቅሪት ነው፤ የክበብ ፊልሞች ላይ ይህ ሁለተኛው ይበዛል።

ስለ አጋጣሚም በዚሁ ይጠየቃል። ኔትወርኩ 5:00 ላይ መቋረጡ አጋጣሚ ነው፤ ይሁንና ልጁን ወደ ችግር ስለሚያስገባው ተመልካቹ አይከፋውም። ባለሱቋ «እንደ ዕድል ገና አልሸጥሁትም» ብትለው ግን አጋጣሚው ከችግር ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ሴራው ይፈርሳል። ወደ ችግር የሚያስገባ አጋጣሚ ይፈቀዳል፣ የሚያወጣ አይፈቀድም።

ተመልካቹ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለሴራ ትንተና ያስፈልጋል?

በአጭር ፊልም ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው ብንል አልተጋነነም፤ ተማሪዎች ግን ይዘሉታል። በእያንዳንዱ ትዕይንት አጠገብ ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ ተመልካቹ ከገጸ ባሕርይው በላይ ያውቃል፤ እኩል ያውቃል፤ ያነሰ ያውቃል።

ምሳሌው ላይ ከ0:00 እስከ 6:15 በላይ እናውቃለን። ስለዚህ ሽያጩ ልብ ሰቀላ ነው፤ 1,500 ብር ሲቆጥር ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። «አየሁት እማዬ» የሚለው ተራ ውሸትም የሚያስቀውና የሚያመው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ6:15 በኋላ እኩል ነን። መጨረሻ ላይ ደግሞ እናትየው ምን እያሰበች እንደሆነ ስለማናውቅ ከእሷ ያነሰ እናውቃለን።

አሁን የመጀመሪያውን ትዕይንት አንስታችሁ ከ6:15 በኋላ እንደ ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን እንደሚያሳይ ትዕይንት) አስገቡት። ታሪኩ አልተነካም። ሴራው ግን ሌላ ሆኗል፤ ግማሹ ፊልም ስለ አንድ ኪራይ የተቸገረ ተማሪ ይሆናል፣ ስልኩ ድንገተኛ ምት ይሆናል፣ ልብ ሰቀላው ይጠፋል። በድንገቱ የምታተርፉት ጥቂት ሰከንድ፣ የምታጡት ወደ አምስት ደቂቃ ነው። አንዳንድ ፊልም ግን ያን ጥቂት ሰከንድ ይፈልገዋል፤ ለምሳሌ ፊልሙ ስለ ልጁ ግዴለሽነት ሳይሆን ስለ እናትየው ምስጢር ቢሆን ኖሮ።

ምልሰት የበዛበትን ፊልም እንዴት ልከተል?

ትዕይንቶቹን በታዩበት ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 በሉ። ከዚያ በሆኑበት ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ በሏቸው። ሁለቱን መስመር አንዱን ከሌላው በታች ጻፉና በየመዛነፊያው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ መረጃ ለምን እስከዚህ ዘገየ? መልስ ከጠፋ ምልሰቱ ማስጌጫ ነው።

ግጭት የሌለበት ፊልምስ?

ጣና ላይ ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚሠራን ሰው ለስምንት ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያሳይ ፊልም «ሴራ የለውም» ተብሎ አይታለፍም። ግጭት ስትፈልጉ ካጣችሁ ለውጥ ፈልጉ። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ሥነ ጽሑፍ መግቢያ፣ እድገት፣ መጠምዘዣና ማጣመሪያ የሚሉ አራት ክፍሎች ያሉት አወቃቀር አለው፤ ሦስተኛው ክፍል ያልተጠበቀ ነገር ያመጣል እንጂ የግድ ጠላት አያመጣም። ታንኳው ካለቀ በኋላ የሚቀዝፈው ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ መጠምዘዣው ያ ነው።

ሰምና ወርቅን ለፊልም ትንተና መጠቀም ይቻላል?

ይቻላል፤ በቅኔ ትምህርት ቤቶቻቸው የታወቁት የዋሸራና የጎንጂ አገር ሰው ይህን መጠየቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቅኔው ሥርዓቱንም ውሰዱ። በቅኔ ወርቁ ከመሬት ተነሥቶ አይመጣም፤ ሁለቱን ፍቺ የሚሸከም ኅብረ ቃል አለ፤ ያን ማሳየት ያልቻለ ፈታሁ ቢል አይታመንም። በፊልምም እንደዚሁ ኅብሩን አሳዩ። ምሳሌው ላይ ኅብሩ «አየኸው?» የምትለው ጥያቄ ናት፤ በሰሙ ከረጢቱን፣ በወርቁ የእናትየውን ልፋት አየኸው ወይ ትላለች። ደቂቃው 5:00 ነው። ደቂቃና ነገር መጥቀስ የማይቻልበት ወርቅ፣ ለምሳሌ «በርበሬው የአገሪቱን ሁኔታ ያሳያል» የሚል፣ ከትንተናው ይውጣ። ሰሙ ሳይጠና ወርቅ መፈለግ የሴራ ትንተናን ወደ ስብከት የሚቀይረው ዋናው ምክንያት ነው።

መጨረሻው ክፍት ከሆነ ልቀት የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ሁለት ጥያቄ ለዩ። የሴራው ጥያቄ «ገንዘቡን ለማግኘት እውነቱን ይናገራል ወይ?» ነበር፤ ተመልሷል። የተከፈተው የግንኙነቱ ጥያቄ ነው። «በስንት ሸጥኸው?» ቁጣ ሊሆን ይችላል፣ የገበሬ ሴት የዋጋ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ ይቅርታም ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም የሚደግፍ ነገር ፊልሙ ውስጥ ካለ ክፍትነቱ የታሰበበት ነው። የሴራው ጥያቄ ራሱ ሳይመለስ ከቀረ ግን ፊልሙ አላለቀም፤ ብዙ ጊዜ የቀረጻ ቀን ያለቀበት ቡድን ይህን «ክፍት መጨረሻ» ይለዋል።

ትንተናውን ስጽፍ ምን ያህል ልጻፍ?

ለ12 ደቂቃ ፊልም ከ600 እስከ 800 ቃል ይበቃል፤ የታሪኩ ጭማቂ ከአንድ አራተኛ አይለፍ። አንደኛው አንቀጽ ስለ አወቃቀሩ የምትከራከሩበትን ነገር ይያዝ፦ «ፊልሙ ጡዘቱን እስከ 86 በመቶ የሚያዘገየው ልጁን ሳይሆን ተመልካቹን ለመቅጣት ነው» ዓይነት። ሌላው አንቀጽ ሁሉ ይህን ያስረዳ ወይም ይፈትን። ክፍሎቹን እንደ መዝገብ መዘርዘር (መነሻው ይህ ነው፣ ጡዘቱ ይህ ነው) ነጥብ ያስገኝ ይሆናል፤ ትንተና ግን አይደለም።

የራሳችንን ያልተጠናቀቀ ፊልም በዚህ መንገድ መፈተሽ እንችላለን?

ትዕይንቶቹን በካርድ ላይ ጽፋችሁ መሬት ላይ ደርድሩ፤ አንድ ካርድ አንድ ትዕይንት። አንዱን ገልብጡና ፊልሙን ለማያውቅ ሰው ተርኩለት። ካልጎደለው ካርዱ ይውጣ። መጨረሻው አልሠራ ሲል አስቀድማችሁ የምትነኩት መጨረሻውን አይሁን፤ «የተዘራ» የሚለውን ዓምድ እዩ፤ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። የታከለ ንግግር አያድነውም።

ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ቅጂ ሰዓቱ ከጓደኛዬ አይገጥምም፤ ምን ላድርግ?

ጫኙ ከፊት የራሱን ማስታወቂያ ወይም አርማ ጨምሮ፣ ወይም የመጨረሻውን የስም ዝርዝር ቆርጦት ይሆናል። ሁለታችሁም ዜሮን ከፊልሙ የመጀመሪያ ምስል ጀምሩ፤ ጠቅላላውን ርዝመት ያለ ስም ዝርዝር አስሉ፤ የተጠቀማችሁበትን ቅጂ ርዝመት ከሠንጠረዡ በላይ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የሚቀር የአንድ ሁለት ሰከንድ ልዩነት ለመቶኛው ስሌት ለውጥ አያመጣም።